የቤት ውስጥ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት፦ የ7 እና የ10 ዓመት ልጆች፣ ከየት ይጀመራል?

ጀማሪዋ_እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ሁለት ልጆቼን ቤት ማስተማር ልጀምር ነው። ትንሿ 7 ዓመቷ ነው፤ ፊደል በዜማ ትላለች፣ ቃል ሲሰጣት ግን ትቆማለች። ትልቁ 10 ዓመቱ ነው፤ ደህና ያነባል፣ መቀነስና ማባዛት ግን ይከብደዋል። ከትምህርት ቤት ሳላስወጣቸው በፊት ምን ልጨርስ? በቀን ስንት ሰዓት ይበቃል? መጻሕፍቱን ሁሉ አሁኑኑ ልግዛ? ሁለቱን በአንድ ጊዜስ እንዴት ልያዛቸው? ከታሪክ ይልቅ "ይህን፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ምክንያት" የሚል ምክር ብትሰጡኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሰነድ_ያዥ

እህቴ፣ ከመጽሐፉ በፊት ወረቀቱን ጨርሺ። ሕጉ ከአገር አገር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ጀርመን ትምህርት ቤት መገኘት ግዴታ ስለሆነ ልጅን ቤት ማስተማር በተግባር አይፈቀድም። ኦስትሪያ ይፈቀዳል፤ ልጁ ግን በየዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይቀመጣል። አሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ሆኖም አንዱ ግዛት ማሳወቂያ እንኳ አይጠይቅም፣ ሌላው ዓመታዊ ዕቅድና ምዘና ይፈልጋል። እንግሊዝ ብሔራዊውን ሥርዓተ ትምህርት የመከተል ግዴታ የለም። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ዘመድ የነገረሽን አትያዢ። የምትኖሪበትን ቦታ ደንብ ራሱ የትምህርት ባለሥልጣኑ ካወጣው ጽሑፍ አንብቢና እነዚህን ብቻ ፈልጊ፦ ማሳወቂያ ያስፈልጋል ወይ? እስከ መቼ? ግዴታ የሆኑት ትምህርቶች የትኞቹ ናቸው? ስንት ቀን ወይም ሰዓት? የሚመዝነው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ልጁ ከቀረ በኋላ ማሳወቂያ ሲገባ፣ በመካከል ያሉት ቀናት ያለ ፈቃድ እንደቀረ ሊቆጠሩ ይችላሉ። በጽሑፍ አሳውቂ፣ ለመድረሱ ማረጋገጫ ተቀበዪ፣ ከዚያ አስወጪ። ስትወጪም የውጤት ካርዱን፣ የጤናና የክትባት መረጃውን፣ ልዩ ድጋፍ ያገኝ ከነበረ የምዘናውን ሰነድ ቅጂ ይዘሽ ውጪ። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ አድካሚ ነው።

መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማኅደር ይበቃል፦ በቀን ሁለት መስመር (ቀኑ፣ ምን ተሠራ፣ እስከ የትኛው ገጽ)፣ የተነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር፣ የሥራ ናሙና። ናሙናው በየሩብ ዓመቱ ከእያንዳንዱ ትምህርት 3 ወረቀት ነው፤ አንድ ከመጀመሪያው፣ አንድ ከመካከሉ፣ አንድ ከመጨረሻው። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ምንም አይመሰክርም። ያማረውን ብቻም አትምረጪ። መሻሻሉ የሚታየው ስህተት የበዛበት የመጀመሪያው ወረቀት አብሮ ሲቀመጥ ነው፤ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ቢመለስ ክፍሉን ለመወሰን የሚረዳውም እሱ ነው።

ሁለት_ሰዓት_ይበቃል

የትምህርት ቤቱን የሰዓት ሰሌዳ ቤት ውስጥ አትዘርጊው። ትምህርት ቤት ስድስት ሰባት ሰዓት የሚፈጀው ስም መጥራት፣ ሰልፍ፣ ደብተር ማረም፣ የዘገየውን መጠበቅ ስላለበት ነው። አንድ ለአንድ ሲሆን ያ ሁሉ ይቀራል። ለ7 ዓመት ልጅ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ለ10 ዓመት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ከበቂ በላይ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ለትንሿ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለትልቁ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን። ደቂቃው ሲያልቅ ገጹ ባያልቅም ዝጊ። ልጅ ማብቂያውን ካወቀ ትኩረቱን ይሰጣል፤ "እስኪያልቅ ድረስ" የተባለ ግን ጉልበቱን መቆጠብ ይጀምራል።

መጽሐፍ ሁሉንም አሁን አትግዢ። ብዙ አሳታሚዎች ደረጃ መለያ ፈተናና የናሙና ምዕራፍ በነፃ ይሰጣሉ። ፈተናውን አሠሪያቸው፣ መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ምረጪ። በዕድሜ የተመረጠ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ልጁ በንባብ አንድ ክፍል ቀድሞ በሒሳብ አንድ ክፍል ወደኋላ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቤት ማስተማር የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ልጅ ሁለት የተለያየ ደረጃ መያዝ ትችያለሽ።

ሁሉን ትምህርት በአንድ ሰኞ መጀመር የመጀመሪያ ዓመት ትልቁ ስህተት ይመስለኛል። ስምንት ትምህርት ይጀመራል፣ በሦስተኛው ሳምንት ያልተሠራው ይከመራል፣ ከዚያ ወላጅና ልጅ ይጣላሉ። ሳምንት 1 እና 2 ንባብና ሒሳብ ብቻ ይሁን። በ3ኛው ጽሕፈት ጨምሪ፣ በ5ኛው ሳይንስ። የቀረው ከመጀመሪያው እረፍት በኋላ ይምጣ።

ዓመቱን በስድስት ሳምንት ሥራና በአንድ ሳምንት እረፍት ከፋፍዪው። ስድስት ዙር 36 የትምህርት ሳምንት ይሆናል፤ በሳምንት 5 ቀን ሲባል 180 ቀን። እረፍቶቹ ተጨምረው 42 ሳምንት ነው፤ 10 ሳምንት ለሕመም፣ ለእንግዳና ለረጅም ዕረፍት ይተርፍሻል። ከአምስቱ ቀን አራቱን ብቻ አቅጂ። አምስተኛው የተንጠባጠበውን መልቀሚያ ይሁን።

ፊደል_ቆጣሪ

"በዜማ ትላለች፣ ቃል ሲሰጣት ትቆማለች" ባልሽው ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ከተፈታ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ዜማው በጆሮዋ ገብቷል፣ በዓይኗ ግን አልገባም። ለማረጋገጥ 20 ፊደላት በትንንሽ ካርድ ጻፊ፣ አደባልቂ፣ አንድ በአንድ አሳያት። "ቤ" ስታይ "በ ቡ ቢ ባ ቤ" ብላ ከደረሰች እየቆጠረች እንጂ እያነበበች አይደለም። "ቤት" የሚለው ቃል ላይ አምስት እርምጃ ሄዳ "ቤ"ን ታገኛለች፤ ከዚያ "ት"ን ፍለጋ ስድስት እርምጃ ስትሄድ "ቤ" ከአእምሮዋ ይወጣል። የምትቆመው ለዚህ ነው። ስንፍናም የችሎታ ማነስም አይደለም።

33 ረድፍ በ7 ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው፤ ግን 231 የተለያየ ሥዕል አድርገሽ አታስተምሪ። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ወገብ ላይ አጭር ጭረት ነው፦ ቡ ሉ ሱ ቱ። ሣልስ ጭረቱ ወደ ቀኝ እግር ይወርዳል፦ ቢ ሊ ሲ ቲ። ኃምስ በእግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ቤ ሌ ሴ ቴ። ራብዕ ሁለት እግር ባለው ላይ ቀኙን ያስረዝማል (ባ ላ ሳ)፣ አንድ እግር ባለው ላይ እግሩን ያጥፋል (ታ ና ቃ)። ሳድስና ሳብዕ ሕጋቸው ስለሚዋዥቅ አንድ በአንድ እንደ ሥዕል ይያዙ። እንደ ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ያሉት ከሕጉ ያፈነግጣሉ፤ ስለዚህ ረ እና ፈ መጨረሻ አካባቢ ይምጡ።

መነሻው ሀ መሆን የለበትም። በ፣ ለ፣ ሰ፣ ተ ሕጉን በደንብ ስለሚጠብቁ ከእነሱ ጀምሪ። አራቱ ብቻ ቤት፣ ልብ፣ ልብስ፣ ሴት፣ ሰባት፣ ሌሊት፣ በላ፣ ሰበሰበ የሚሉትን ቃላት ይሰጡሻል። ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት እውነተኛ ቃል ታነባለች ማለት ነው። የቀኑ 15 ደቂቃ እንዲህ ይከፈል፦ 5 ደቂቃ የተደባለቀ ካርድ፣ 5 ደቂቃ ቃል ማንበብ፣ 5 ደቂቃ መጻፍ። ለአንድ ረድፍ በአማካይ 3 ቀን ያዢ፤ 33ቱ 99 ቀን ይሆናል፣ 20 ሳምንት ያህል። ወደ ቀጣዩ የምትሻገሪው ከ10 ካርድ 9ኙን ሳትቆጥር ካለች ነው።

ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ጊዜ አይፈጁም። ከሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ፣ ጠ ላይ ምልክት ተጨምሮባቸው የወጡ ስለሆኑ እናትና ልጅ አድርገሽ ጎን ለጎን አሳያት። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን (ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ) ለንባብ አንድ ላይ አስተምሪ። ስትጽፍ አንዱን በሌላው ብትተካ ግን የመጀመሪያውን ዓመት አትቅጫት።

በኋላ የሚመጣ አንድ እንቅፋት አለ። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አለ፣ ገና፣ ዋና እያንዳንዳቸው ሁለት ንባብ አላቸው። ልጅቷ "ዋና"ን ቦታው ላይ በማይሆን ድምፅ ብታነብ ፊደል አልሳተችም። "ተሳስተሻል" አትበያት፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አስነብበሽ "ምን ማለቱ ነው?" ብለሽ ጠይቂያት። ራሷ ታስተካክለዋለች።

ነባር_መምህር

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ዜማውን ግን አትጣሉት። የፊደሉን ቅደም ተከተል የያዘላት እሱ ነው፤ ነገ መዝገበ ቃላት ስትገልጥ ያስፈልጋታል። በቀን 2 ደቂቃ ይቆይ፣ በሁለት ለውጥ፦ አንደኛ፣ ጣቷ የምትለውን ፊደል ይንካ፤ አፏ ከጣቷ ከቀደመ ትቁምና ትመለስ። ሁለተኛ፣ ገበታውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ታንብበው፦ ቡ ሉ ሱ ቱ፣ ከዚያ ቢ ሊ ሲ ቲ። ወደ ታች ሲነበብ የለመደችው ዜማ ስለማይረዳት ዓይኗ መሥራት ይጀምራል።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። በየቀኑ 15 ደቂቃ እየተሠራ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላም ትናንት ያወቀችውን ዛሬ ደጋግማ ከረሳች፣ መጽሐፉን ወደ ፊቷ ካስጠጋች፣ ወይም ከጀርባዋ የተነገረ ቃል ስትደግም ድምፅ ከቀየረች፣ ዘዴ ከመቀያየር በፊት ዓይኗና ጆሮዋ ይመርመሩ።

ሒሳብ_በእጅ

ስለ ትልቁ። "መቀነስ ይከብደዋል" የሚለው ገና ሰፊ ነው፤ የተሳሳተው መልስ ራሱ ይነግርሻል። 402 − 178 ስጪው። ትክክለኛው 224 ነው።

376 ካለ፣ በየቤቱ ከትልቁ ትንሹን እየቀነሰ ነው (4−1፣ 7−0፣ 8−2)። ቁጥሩን እንደ ሦስት የተለያዩ አኃዞች እንጂ እንደ አራት መቶ ሁለት አያየውም፤ የቦታ ዋጋ አልገባውም። 234 ካለ መበደሩን ያውቃል፤ ግን ዜሮውን 10 ካደረገው በኋላ ለአንድ ቤት ያበደረውን 1 አላነሳም። ለመጀመሪያው ከሥር መጀመር ያስፈልጋል፣ ለሁለተኛው ሁለት ቀን ይበቃል። ሁለቱን "መቀነስ አይችልም" ብሎ አንድ ላይ ማስጀመር ጊዜ ማባከን ነው።

ከሥር ሲጀመር፦ ቀጫጭን እንጨቶች አሥር አሥር አድርገሽ እሰሪ፣ አሥር እስር አንድ ላይ ሲታሰር መቶ። 402ን አራት መቶና ሁለት ነጠላ አድርጎ ይደርድር። 8 ነጠላ ሊያነሳ ሲል የለውም፤ አሥርም የለውም። አንዱን መቶ ራሱ ይፍታው፣ ከአሥሩ እስር አንዱን ደግሞ ይፍታው። አሁን በእጁ 3 መቶ፣ 9 አሥር፣ 12 ነጠላ አለ። ዘጠኙ ከየት እንደመጣ በእጁ ካየ በወረቀት ላይ አይረሳውም። 3 ወይም 4 ቀን በእንጨት፣ ያንኑ ያህል ቀን እስሩን በሥዕል እየሣለ፣ ከዚያ በአኃዝ ብቻ። ሥዕሉን ዘሎ ከእንጨት በቀጥታ ወደ አኃዝ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ እንጨቱ ሲነሳ ልጁ የሚያስበው ነገር ያጣል።

ማባዛት ላይ መልካም ዜና ልንገርሽ። ሰንጠረዡ 100 ሳጥን ነው፤ 3×7 እና 7×3 አንድ ስለሆኑ 55 ይቀራል። የ1 እና የ10ን አውጪ፣ 36። የ2ን (ያው እጥፍ ነው) አውጪ፣ 28። የ5ን አውጪ፣ 21። በቃል መያዝ የሚያስፈልገው እነዚህ 21 ናቸው፤ በሳምንት 3 ሲሆን በ7 ሳምንት ያልቃል። በዜማ አታስይዢው። ፊደል_ቆጣሪ ያለው ነገር እዚህም ይደገማል፤ 7×8 ለማለት ከ7×1 የሚነሳ ልጅ እየቆጠረ ነው። ካርድ ይሁን፣ ተደባልቆ፣ መልሱ በ3 ሰከንድ ውስጥ። የያዘውን በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ በሁለት ሳምንት ጠይቂው፤ የሳተው ወደ ማግሥት ይመለስ።

በቀን ከ8 እስከ 12 ጥያቄ ይበቃል፣ ግማሹ ከድሮው። የመጀመሪያዎቹን 3 ወዲያው እረሚ። 30 ጥያቄ በተሳሳተ መንገድ ከተሠራ ልጁ ስህተቱን 30 ጊዜ ተለማምዶታል።

ለትንሿም፦ አማርኛ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሲል "አሥር"ን ስለሚያሰማ እስከ 19 ቋንቋው ራሱ ይረዳታል። ከዚያ በኋላ "ሃያ ሦስት"ን 203 ብላ ብትጽፍ አትደንግጪ፤ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ሁለት እስርና ሦስት ነጠላ አስደርድሪያት፣ ቁጥሩን ከሥሩ ትጻፍ።

ሦስት_በአንድ_ጠረጴዛ

ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለመያዝ፦ ሒሳብና ንባብ ለየብቻ፣ ሌላው ሁሉ አብሮ። ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ጮክ ብሎ የሚነበብ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይቀርባል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚጠየቁት ነው፤ ትንሿ በቃሏ ትናገራለች ወይም ትሥላለች፣ ትልቁ ከ3 እስከ 5 ዓረፍተ ነገር ይጽፋል።

ተራው በ20 እና በ30 ደቂቃ ይዙር፣ መጀመሪያ ከትንሿ። እሷ ከጠገበች በኋላ ትልቁን ለመያዝ ፋታ ይኖርሻል፤ ከተገላበጠ ሒሳቡ መሐል አምስት ጊዜ ትጠሪያለሽ። ብቻውን የሚሠራው ልጅ የሚሰጠው ሥራ ባለፈው ሳምንት ያለ ረዳት የሠራው ዓይነት መሆን አለበት። አዲስ ነገር ሰጥተሽ "ብቻህን ሞክር" ካልሽው ሁለቱም ክፍለ ጊዜ ይበላሻል።

የትልቁን የንባብ ደረጃ ለመለካት 100 ቃል ያህል ያለው ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ከ5 በላይ ከሳተ ለብቻው ንባብ ከባድ ነው፤ አብራችሁ አንብቡት። አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ለብቻው ይስጡት።

ማታ_ተመላሽ

ክሩን ስለምከታተል አንድ ጥያቄ ላስገባ፦ ሁለቱም ወላጆች ሥራ ላይ ሲሆኑስ?

ሁለት_ሰዓት_ይበቃል

ለሁለት ክፈሉት። ጠዋት ከሥራ በፊት 40 ደቂቃ፣ ማታ 50 ደቂቃ፣ ቅዳሜ አንድ ረዘም ያለ ክፍለ ጊዜ። አዲስ ነገር ሁልጊዜ ጠዋት፣ መለማመጃና ጮክ ብሎ ማንበብ ማታ። ቀን አብሯቸው የሚውል ሰው እንዲያስተምር አይጠበቅም፤ የጠዋቱ ሥራ መሠራቱን አይቶ ምልክት ማድረግ ይበቃዋል። ቪዲዮ ለማስረዳት ያግዛል፣ ግን ልጁ 376 ብሎ ሲጽፍ አያይም። ስለዚህ ማታ ከ50ው ደቂቃ 10ሩን ደብተር ለማየት ስጡ።

ነባር_መምህር

ስለ እምቢታ ማንም አልነካም፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ አይቀርም። ልጅ ሲያለቅስ ወይም እርሳስ ሲጥል፣ ባለፈው ሳምንት በቀላሉ የሠራውን አንድ ጥያቄ ስጪው። ወዲያው ከሠራው ችግሩ የዛሬው ትምህርት መክበዱ ነው፤ አንድ ደረጃ ውረጂ። ያንንም እምቢ ካለ ደክሟል፣ ርቦታል ወይም ከፍቶታል፤ 15 ደቂቃ ይውጣና ይመለስ፣ ሲመለስ ያቺኑ አንድ ጥያቄ ሠርቶ ይዝጋ። መጽሐፉ በለቅሶ ላይ መዘጋቱ ከተለመደ ማልቀስ መዝጊያው ይሆናል።

ጽሕፈት ላይም ብዙ እምቢታ የሚመጣው ማሰብና መጻፍ በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ ነው። ለያዩት። ልጁ ይናገር፣ አንቺ ጻፊ፣ እሱ ይገልብጥ። ለትልቁ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የቃል ጽሕፈት፦ 3 ዓረፍተ ነገር፣ መጀመሪያ አይቶ ያጥና፣ ከዚያ ይጻፍ፣ ከዋናው ጋር አስተያይቶ ራሱ ይረም።

ጓደኛ በተመለከተ፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ከነዚያው ልጆች ጋር መገናኘት ከብዙ የተበታተነ ዝግጅት ይሻላል።

ጀማሪዋ_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትልቁን 402 − 178 ሰጠሁት፤ 234 አለ። የመጀመሪያ ሳምንት ዕቅዴ ይኸው፣ እረሙልኝ፦

ከጠዋቱ 3:00–3:20 ትንሿ ፊደል ከእኔ ጋር፣ ትልቁ ለብቻው ንባብ። 3:20–3:50 ትልቁ ሒሳብ ከእኔ ጋር፣ ትንሿ የዕለቱን አዲስ ፊደል ብቻዋን ትጽፋለች። 3:50–4:10 እረፍት። 4:10–4:30 ትንሿ ሒሳብ፣ ትልቁ የማባዛት ካርድ። 4:30–5:00 አብረን ንባብ። ዓርብ ለሁለቱም 40 ጥያቄ ፈተና።

ፊደል_ቆጣሪ

3:20 ላይ ያለውን ቀይሪ። አዲስ ፊደል ብቻዋን ስትጽፍ እጇ ከታች ወደ ላይ ቢሄድ የሚያይ የለም፤ የእጅ ልማድ ደግሞ አንዴ ከያዘ ለማስተው ወራት ይወስዳል። አዲሱን በ3:00ው ክፍለ ጊዜ ከአንቺ ጋር 5 ጊዜ ትጻፍ። ብቻዋን የምትጽፈው የምታውቀውን ይሁን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሌላት ሥዕል ትሣል።

ሒሳብ_በእጅ

234 ከሆነ ደስ ይበልሽ፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሰኞ እንጨቱን፣ ማክሰኞ ሥዕሉን፤ መካከሉ ላይ ዜሮ ያለበት ቁጥር ብቻ ስጪው፦ 305፣ 601፣ 704። መልሱን መልሶ በመደመር ራሱ ያረጋግጥ፣ 224 + 178።

የዓርቡ 40 ጥያቄ ግን ይቅር። 10 ይበቃል፤ 6 ከሳምንቱ፣ 2 ካለፈው ሳምንት፣ 2 ከወር በፊት። ነጥብ አትስጪ፤ የሳቱትን በካርድ ጽፈሽ ለሰኞ አስቀምጪ። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ለትንሿ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ያኔ ገና በ እና ለ ብቻ ነው የሚኖራት።

ጀማሪዋ_እናት

አስተካክዬዋለሁ። ካርዶቹን ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ፤ የ"በ" 7፣ የ"ለ" 7። እንጨቱን ትልቁ ራሱ እያሰረ ነው።